አርመን ያዛት

ባለፈው ሰንበት ጎረቤቴ ለተማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤቴ ገባችና መደቡ ላይ ዘፍ ብላ፣ «ጉዴ ፈላ ተናኘወርቅ! ልጄን ግሪክ ያዘብኝ!» ብላ ብታለቅስ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ትንሽ ፈገግታ ቢሆን ባልከፋ፤ እኔ የሳቅሁት ግን ጎኔን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ነው። ለተማርያም ዐይኗን ጠርጋ ተነሣችና፣ «የሰው መከራ ያስቅሻል? ባንቺም ይድረስብሽ!» ብላኝ ወጣች። ይኸው በደጄ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ዘንድሮ ሐረር በሙሉ የጥልያንን ወሬ ሲያወራ እሷን የጨነቃት አንድ ግሪክ ነው። እታረቃታለሁ። ልጅቷ መልካም ልጅ ናት፣ ግሪኩም ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሰው አልገደለ። ግን ለምን እንደሳቅሁ ካልተናገርሁ ክፉ ሴት መባሌ ነውና ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ጃንሆይ ምኒልክ ታመሙ የሚባልበት ዘመን ነው፤ ሰው ሁለት ሆኖ ከቆመ የሚያወራው ስለ በሽታ ነበር። እኔ የወተት ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነኝ። አባቴ ወደ ኦጋዴን ስለዘመተ እናቴ እልፍነሽ እኔን ይዛ ከወላጆቿ ቤት ገብታለች። ቤታችን ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። አያቴ ባላምባራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቡልጋ ከጦሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ሲቆጡ ፈረሱ እንኳ ጆሮውን ይጥል ነበር። ሴት አያቴን እቴቴ እንላታለን። ከናቴ በታች ደግሞ ገላነሽ አለች፤ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ተረት የምትነግረኝ፣ ስጠፋ የምትደብቀኝ አክስቴ።

ይቺ አክስቴ አንድ ቀን የአባባን ኮርቻ ለማሳደስ ከአሽከር ጋር ወጣች። ሌላ ቀን ኮርቻውን ልታመጣ ወጣች። ደግሞ ሌላ ቀን እርካቡ አልተስማማም ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለ ኮርቻም መውጣት አመጣች፣ በመጨረሻም ወጥታ ቀረች።

«ገላነሽ የት ሄደች?» ብዬ ብጠይቅ እናቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። አሽከሩን ብጠይቅ ወደ ሰማይ አየ። አባባን ለመጠየቅ ደግሞ ማን ደፍሮ! ስለዚህ የልጅ ሥራዬን ያዝሁ፤ መጋረጃ ሥር ቁጭ ብዬ ማዳመጥ። አንድ ቀን እናቴና እቴቴ ጥጥ እየፈተሉ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ምን ይደረግ እማዬ፣ እንግዲህ አርመን ያዛት» አለች እናቴ።

«ቢይዛትስ፣ አይለቃትም?»

«የት ይለቃታል! ይዟት ባሕር ሊሻገር ነው አሉ።»

«ኧረ በስመ አብ! ለመሆኑ እንዴት ናት?»

«እህል አይቀርባትም፣ ያስመልሳታል ትላለች ፈሂማ። አሁን ደግሞ እግሯ አበጠ አሉ።»

እቴቴ እንዝርቷን ጣለች። «ከአርመን ጋር ልትጋባ! የኔ ልጅ!» ብላ ደረቷን መታች።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። በኛ ቤት ሰውን የሚይዘው ምን ነበር? ወባ ይይዛል። ጉንፋን ይይዛል። ዛር ይይዛል። እቴቴን ራሷን ክረምት በገባ ቁጥር ቁርጥማት ይይዛታል። አርመን የሚባል የሰው ወገን መኖሩን የነገረኝ የለም። ፈረንጅ አውቃለሁ፣ ባንያን አውቃለሁ፣ ዐረብ አውቃለሁ፤ አርመን ግን ሰምቼ አላውቅም። «መጋባቱ» ደግሞ ባሰብኝ፤ ኩፍኝ ይጋባል፣ እከክ ይጋባል እየተባልሁ ከጎረቤት ልጆች ስንት ጊዜ ተከልክያለሁ። እህል የሚያስጠላ፣ የሚያስመልስ፣ እግር የሚያሳብጥ፣ ይዞም ባሕር የሚያሻግር ክፉ በሽታ መሆኑ ገባኝ። ገላነሽን ከቤት ያራቋትም እንዳይጋባብን ብለው ነው አልሁ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርሁ።

ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው ብዙም አልተሳሳትሁም። ስሟ ሲነሣ ሰው አፉን በነጠላው ይሸፍን ነበር። የተቀመጠችበትን በርጩማ እናቴ ለገረዶቹ ስትሰጥ አይቻለሁ። ልዩነቱ እኔ ትድናለች ብዬ ማመኔ ብቻ ነው።

የሚቀጥለውን ያኔ አላውቅም፤ ካደግሁ በኋላ እናቴ ናት የነገረችኝ። ያ ኮርቻ አዳሹ ሰውዬ ወግ ያውቅ ኖሮ ሽማግሌ ልኳል። ያውም ተራ ሰው አይደለም፣ የአባባን የነፍስ አባት አባ ኃይለመስቀልን። አባ መጥተው፣ «ባላምባራስ፣ አርመን እኮ ሃይማኖቱ ከኛው ነው። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ በእመቤታችን ያምናል» ቢሉ፣ አባባ፣ «አባ፣ ሃይማኖቱን መቼ ጠየቅሁ? እጁን ነው የጠየቅሁት። ቆዳ ሲያለፋ የሚውል እጅ! ፋቂ! አገር የለው፣ ዘመድ የለው። ልጄን ገረድ አድርጎ እግሩን ያሳጥባትና ሲሰለቸው ጅቡቲ ላይ ጥሏት ይሄዳል» ብለው መለሷቸው። ሁለተኛም መጡ፤ ሁለተኛም መለሷቸው።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የሚላከው። ሰውየው ጅቡቲ የሚሠራ የአገሩ ልጅ ነበረውና፣ ና አብረን እንሥራ ብሎ ጠርቶታል። ሦስተኛውም ከተመለሰ ገላነሽን እዚህ በሐሜት መሐል አላኖራትም፣ ይዣት እሄዳለሁ አለ። ከሄደች ደግሞ ሄደች ነው፤ ከጅቡቲ ወዲያ ባሕር ነው፣ ባሕር የተሻገረች ሴት ስትመለስ ያየ በቤታችን አልነበረም። እቴቴን የጨረሳት ይኸ ነው። ልሂድና ልያት እንዳትል ደግሞ አባባ በመድኃኔዓለም አስምለዋታል፤ «እግርሽ ከዚያ ቤት ደፍ አይለፍ» ብለው።

በጾሙ መካከል አንድ ቀን እቴቴ በርበሬ ልትገዛ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ስትወርድ እኔን ይዛኝ ሄደች። ፈሂማ የምትባል የከተማው ተወላጅ እዚያ ቅመም ትሸጣለች፤ የእቴቴ የቆየች ደንበኛ ናት። ባሏ ዐብዱልወሃብ፣ የከተማው ሰው በአክብሮት አው ዐብዱልወሃብ የሚላቸው፣ ወደ ኤረር በር በኩል የሚያከራዩት ግቢ አላቸው። ገላነሽ ያለችው እዚያ ግቢ መሆኑን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

እቴቴ በርበሬውን የምታይ መስላ ጎንበስ አለችና፣ «ልጄ እንዴት አደረች?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት» አለች ፈሂማ። «ግን ወላሂ፣ እናቴ እናቴ ነው የምትለው። ነይ በቃ! በሩ ክፍት ነው።»

«እግሬን አስምለውኛል ስልሽ!»

ፈሂማ ምላሷን አስጮኸች። እቴቴ በርበሬውን ተወች። ከዚያ ወደ ታች አየችኝ፣ ቀጥላ ደግሞ አቧራ የለበሱትን እግሮቼን አየች።

«ያስማሉት የኔን እግር ነው» አለች ቀስ ብላ። «የዚችን እግር ማን አስማለው?»

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ የተላክሁት። እቴቴ በቅጠል የተጠቀለለ ጭብጦና አንድ እስር ጤናዳም ሰጠችኝ። እኔ ግን ከሷም የበለጠ ይዤ ነበር። ገላነሽን ያገኘሁ ለት ብዬ ከመድኃኔዓለም የቀዳሁትን ጠበል በትንሽ ቅል አድርጌ በቀሚሴ ሥር አስሬ ስዞር ሰንብቻለሁ። እንዳይጋባብኝ ብዬም ጤናዳሙን አፍንጫዬ ላይ ያዝሁ። ፈሂማ በጠባቡ መንገድ ፊት ፊት እየሄደች ዞር ባለች ቁጥር፣ «ማሻአላህ፣ ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል?» ትለኛለች።

ቤቱ እንደ ከተማው ሰው ቤት ከፍ ዝቅ ያለ፣ ቀይ አፈር የተቀባ መደብ ያለው ነው። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። ገላነሽ ከላይኛው መደብ ላይ ተደግፋለች። ቀረብ ብዬ አየኋት። ፊቷ ሞልቷል፣ እግሯ እንደ ሊጥ ተነፍቷል፣ ሆዷ ደግሞ፣ ወይኔ ሆዷ! በሽታው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተሰብስቧል አልሁ።

«ተናኝዬ!» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ሮጬ አቀፍኋት። አፍንጫዬን ይዤ ነው ያቀፍኋት ግን።

ወዲያው አንድ ሰው ውሃ በገንዳ ይዞ ገባ። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ዐይኑ የደከመ ነው። «ሙሴ መጣ» አለች ፈሂማ። ነገሩ በዚያ ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው የሚባለው፤ ሙሴ እገሌ፣ ሙሴ እገሌ። እኔ ግን የማውቀው ሙሴ አንድ ነው፤ በመድኃኔዓለም ግድግዳ ላይ ጽላቱን ይዞ፣ ጢሙን አንዠርግጎ የቆመው። ጢሙም ይኸው፣ ውሃውም ይኸው። ያ ነቢይ አክስቴን ሊያስታምም መጥቶ ይሆናል ብዬ ተገርሜ እጅ ነሣሁት። እሱም እጅ ነሣኝ።

ከዚያ ሙሴ ምን አደረገ መሰላችሁ? ገንዳውን ከመደቡ ሥር አኖረ፣ ጨው በተነበት፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተንበረከከ፣ የአክስቴን እግር አንሥቶ ውሃው ውስጥ ከተተና ማጠብ ጀመረ። በቀስታ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይ እያሸ ያጥባታል። ገላነሽ ዐይኗን ጨፍና፣ «እፎይ» ትላለች። በኛ ቤት የአባባን እግር እቴቴ ታጥባለች። የአባቴን እናቴ ታጥባለች። የእንግዳውን ገረዶች ያጥባሉ። ወንድ ልጅ የሴት እግር ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ወንድ ተንበርክኮ እግር ሲያጥብ ያየሁት በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱን ብቻ ነው። ሰውየው ቅዱስ ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ ምስክር አላሻኝም።

እንግዲህ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ቅሌን ፈታሁ። ከመደቡ ላይ ወጥቼ ቆምሁ፣ ጠበሉን በመዳፌ አፈስ አድርጌ የአክስቴ ፊት ላይ ረጨሁና ካህናቱ ሲያደርጉ እንዳየሁት በሙሉ ድምፄ ጮኽሁ፤

«አርመን ውጣ! በመድኃኔዓለም ስም፣ አርመን ውጣ! ልቀቃት!»

ፈሂማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሙሴ የአክስቴን እግር ቀስ አድርጎ ከውሃው አወጣና በፎጣ ጠቅልሎ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ተነሣ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ጫማውን እንኳ አላደረገም።

«ኧረ ጋራቤድ!» ብላ ገላነሽ በዚያ ባበጠ እርጥብ እግሯ ወደ ደጅ ሮጠች። በበሩ አሾልቄ አየሁ። ግቢው መካከል ከግንቡ ጋር ተጋፍጦ ቆሟል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሷ እጅጌውን ይዛ፣ «ልጅ ናት፤ ስሞትልህ፣ ልጅ ናት፣ አታውቅም» ትለዋለች። እኔም ጠበሉ ለሙሴም ጠነከረበት መሰለኝና ደነገጥሁ።

ቆይተው ተያይዘው ገቡ። ገላነሽ፣ «ተናኝ፣ እንዲህ በይ ብሎ የላከሽ ማነው? አባባ ናቸው?» አለችኝ። ድምፅዋ ያስፈራ ነበር።

«ማንም አልላከኝ። እንድትድኚ ብዬ ነው» አልሁና አለቀስሁ።

ሰውየው ፊቴ በርከክ አለ። «እኔ ቢወጣ፣ እሷ ይድናል?» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

«አንተማ አትውጣ!» አልሁት። «አንተ ከወጣህ ማን ያስታምማታል? መውጣት ያለበት አርመኑ ነው!»

አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ግን ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ ነው። ገላነሽ ደግሞ ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣባትና እኔን ወደ ደረቷ ጨመቀችኝ። «አርመኑማ ወጥቶ ነበር» አለችኝ። «እኔ ነኝ ሄጄ መልሼ ያስገባሁት። ለእቴቴ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት።»

እንዴት ተናደድሁባት! ሰው በጠበል የለቀቀውን በሽታ እጁን ይዞ መልሶ ያስገባል? ስንወጣ ጉንጯን እንድስማት ብትለምነኝ እንቢ አልኋት። ያን ቀን ሙሴ ከጓሮ የቀቀለውን አጥሚት በዋንጫ ሰጥቶኝ ስለነበር እሱን ግን ሳምሁት።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ፋሲካ አልፎ ነው። እኔና እናቴ ከእቴቴ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነን። አባባ ሌላ ማንም በማይቀመጥበት መደባቸው ላይ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ከደፉ ላይ ቆመዋል፤ ባለቤት ተቀመጡ ሳይል አይቀመጥም። አባ ኃይለመስቀል፣ ከአባባ ጋር በአንድ ድንኳን ያደሩት አቶ ሀብተወልድ፣ እና አው ዐብዱልወሃብ ናቸው።

አባባ አው ዐብዱልወሃብን ሲያዩ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ለክርስቲያን ጋብቻ እስላም ሽማግሌ ተላከብኝ?»

«ባላምባራስ፣ ሰውየው ዘመድ የለውም» አሉ አው ዐብዱልወሃብ። «ያለው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ያየሁትን ልመስክር ብዬ መጣሁ።»

«ምስክር አልፈልግም! ልጄ ባል አላገባችም፣ ገረድ ገባች። የፋቂ እግር አጣቢ ሆነች። ለገረድ ሽማግሌ አይላክም። ይዟት ይሂድ፣ ጅቡቲም ይውሰዳት፣ ባሕርም ይሻገር!»

እቴቴ አጠገቤ ሆና ነጠላዋን ነክሳ ልቅሶዋን ዋጥ አደረገችው። እኔ ደግሞ ባሕር የሚለውን ስሰማ ሁሉ ነገር ጠፋኝ። እናቴ ቀሚሴን ብትይዘኝ አመለጥኋትና መጋረጃውን ገልጬ ቤቱ መካከል ቆምሁ።

«አባባ፣ እሷ አታጥብም! የሚያጥባት ሙሴ ነው!»

«ምን ትላለች ይቺ?»

«አክስቴን አርመን ይዟታል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሯ አብጧል። ሙሴ ግን ያስታምማታል። ውሃ ያሞቃል፣ ጨው ይጨምራል፣ ተንበርክኮ እግሯን ያጥባታል። አጥሚቱንም ራሱ ነው የሚሠራው፣ ቀምሻለሁ። እኔ ጠበል ረጭቼ አርመን ውጣ ስለው ወጥቶ ነበር፣ እሷ መልሳ አስገባችው እንጂ! አባባ፣ አይስደዷት፤ ሙሴ ያድናታል!»

መጀመሪያ ያመለጣቸው አቶ ሀብተወልድ ናቸው፤ ሳቃቸውን ሳል አስመስለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አባ ኃይለመስቀል በመስቀላቸው አፋቸውን ከለሉ። አባባ አልሳቁም።

«ተንበርክኮ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ተንበርክኮ።»

«በዐይንሽ አየሽ?»

«በዐይኔ አየሁ።»

«ማን ወሰደሽ?»

ወደ መጋረጃው አየሁ። ከውስጥ እቴቴ፣ «የማለው የኔ እግር ነው፤ እሱም እንደማለ ይኸው አለ» አለች። እንዲያ ባለ ድምፅ ለአባባ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም።

አባ ኃይለመስቀል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባላምባራስ፣ እኔ በዓመት አንድ ቀን እግር አጥባለሁ። ያውም ሕዝብ እያየኝ ነው። ይህ ሰው ግን ማንም ሳያየው ያጥባል» አሉ። አባባ ረዥም ጊዜ ዝንባቸውን ሲያባርሩ ቆዩ፤ ዝንብ ግን አልነበረም።

«የት አለ እሱ?» አሉ በኋላ።

«ከደጅ ቆሟል።»

«ይግባ።»

ሙሴ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። እኔን ሲያይ ዐይኑ ለስለስ አለ። አባባ ከእግር እስከ ራሱ ካዩት በኋላ፣ እኛ ልጅ ስንድር የምንጠይቀውን ጠየቁት። «ዘርህን ቁጠር።»

«ጋራቤድ፣ የሀጎፕ ልጅ» አለ። «ሀጎፕ የሳርኪስ ልጅ። ሳርኪስ የመልኮን ልጅ።» ሰባት ቤት ቆጠረ፣ አንዱንም አልተንተባተበም። ቡልጌው አያቴ ለዘር ቆጠራ ጆሮ አላቸውና ሳያስቡት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ አባትህ ሀጎፕ የት አለ? ለምን መጥቶ አይጠይቅልህም?»

«የለም። ሞተ።»

«ወንድም?»

«ሞተ።»

«አጎትስ? የአጎት ልጅ?»

«ሁሉም ሞተ። አንድ ቀን ነው። ሰዎች መጣ፣ በር መታ፣ አርመን ውጣ አለ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አባቴ ወጣ። ወንድሜ ወጣ። የወጣ ሁሉ ሞተ። እኔ ልጅ ነው፣ እናቴ ቆዳ ክምር ውስጥ ቀበረኝ። እኔ አልወጣም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አርመን ሰው መሆኑ፣ ሰውየውም ይኸው ሙሴ መሆኑ፣ እኔም ያን ቃል በገዛ አፌ፣ በገዛ ቤቱ የጮኽሁበት መሆኔ ገባኝ። ሮጬ እግሩን አቀፍሁና ፊቴን ሱሪው ውስጥ ቀበርሁ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈው፤ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት ይሸት ነበር።

አው ዐብዱልወሃብ መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸውም የኛ ጦር ሐረር የገባ ለት በራቸው የተመታ ሰው ናቸው፤ አባባም ከመቱት መሐል ነበሩ። ይህን ያኔ ማንም አላነሣውም። አባባ ግን አንድ ጊዜ ወደ አው ዐብዱልወሃብ አይተው ዐይናቸውን መለሱ።

«ዋስ የሚሆንህ፣ ወገኔ ነው የምትለው ሰው ማነው?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለውጧል።

ጋራቤድ ቆቡን በእጁ አዞረ።

አባባ ከመደባቸው ተነሡ። እጅግ ተቆጥተው የሚወጡ መስሎኝ የሰውየውን እግር ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ቤቱን አቋርጠው፣ ደፉ ላይ ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ከጋራቤድ ጎን ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ባዶው መደባቸው አዞሩ።

«ቤቶች!» አሉ።

የሚመልስ የለም፤ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩና።

«ቤቶች! እኛ የወንዱ ወገን ነን። ልጁ አባት የለውም ሲባል ሰማን። አለው፤ እኔ ነኝ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

አቶ ሀብተወልድ፣ «በመድኃኔዓለም!» ብለው ቀሩ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠና እቴቴ ወጣች። ሄዳ፣ ከአባባ በቀር ማንም በማይቀመጥበት መደብ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏን ከደፉ ላይ ቆመው አየቻቸው።

«ልጃችን ገረድ ናት ሲባል ሰምተን ነበር» አለች።

«የተናገረው ሰው ተሳስቷል» አሉ አባባ።

«ዘር የለውም፣ አገር የለውም፣ ፋቂ ነው ሲባልም ሰምተናል።»

«ያው ሰውዬ ነው የተናገረው። ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ቢጠይቅ መልካም ነው። ግን ልጅቷ እናት አላት። እናትየዋ ደግሞ ልጇን እንዳታይ እግሯ በመሐላ ታስሯል። መጀመሪያ እሱ ይፈታልን።»

አባባ ወደ አባ ኃይለመስቀል ዞረው፣ «ያሰርኋት እኔ ነኝ፣ ይፍቷት አባ» አሉ። አባ መስቀላቸውን አነሡ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

እቴቴ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ አንድ ቃል ሳትናገር በመሐላቸው አልፋ ወጣች።

«ኧረ መልሱስ እመቤቴ? እሺ ነው እንቢ?» አሉ አቶ ሀብተወልድ ከኋላዋ።

«ለልጄ ነው የምነግራት!» አለች ከደጅ። ያቺ ቁርጥማት የያዛት አያቴ በባዶ እግሯ፣ ቁልቁል ወደ ኤረር በር ስትሮጥ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር።

ጋራቤድ ሊከተላት ሲል አባባ ክንዱን ያዙት። «ቁም ልጄ። ባለቤት ተቀመጡ ሳይል፣ ሂዱ ሳይል ንቅንቅ የለም። ወጉ ነው።» እናቴ በርጩማ ብታቀርብላቸውም እንቢ አሉ። እቴቴ ገላነሽን ደግፋ በበሩ እስክትገባ ድረስ አራቱም ሽማግሎች፣ ሙሽራውም፣ እንደቆሙ ጠበቋት።